የአክስቴ ቀለበት፦ በሰንዳፋ ጥቁር አፈር ላይ የሜታል ዲቴክተር ማስታወሻ

ታኅሣሥ፣ አጨዳው ባለቀ ሰሞን

አክስቴ የጋብቻ ቀለበቷ ጠፋባት። ሰንዳፋ አጠገብ ባለው እርሻቸው ጤፍ እየታጨደ ነዶ ስታስር ከጣቷ ሾልኳል። ያወቀችው ማታ እጇን ስትታጠብ ነው። ባለ 18 ካራት ወርቅ፣ ቀጭን፣ ፈርጥ የሌለው። አርባ ዓመት ገደማ ከጣቷ አልወረደም። በማግስቱ ቤተሰቡ በሙሉ ጎንበስ ብሎ ፈለገ። የለም።

ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያለ ሎጅ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። እንግዶች ሲዋኙ የሚጥሉትን ቀለበትና ሐብል በሜታል ዲቴክተር ይፈልግላቸዋል። ማሽኑን አዋሰኝ። በ6.5 ኪሎኸርዝ ይሠራል። ግራውንድ ባላንሱ፣ ማለትም የአፈሩን ምላሽ ዝም የሚያሰኘው ማስተካከያ፣ ከፋብሪካ የተቆለፈ ነው፤ ማስተካከል አይቻልም። ኮይሉ (መሬት ላይ የሚዞረው ጠፍጣፋ ጭንቅላት) ሞላላ ሆኖ 23 በ16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይበላል። የሱቁ ድንጋይ ቶሎ ስለሚደክም ቻርጅ የሚደረገውን ከነቻርጀሩ በ2,500 ብር ገዛሁ።

ቀለበቱ ሊኖር የሚችለው ሦስት ቦታ ነው። በዚያን ቀን የታጨደው ቁራጭ መሬት አንዱ ነው፤ በእርምጃ ስለካው 20 በ30 ሜትር ይሆናል። ሁለተኛው ነዶው የተሸከመበት መንገድ ነው። ሦስተኛው ክምሩ።

"ጋሼ፣ የዚያን ቀን ነዶ ከሌላው እንዳይቀላቀል" አልኳቸው ባሏን።

"ግድ የለም፣ ለብቻው ይወቃል" አሉኝ።

ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ቀበሌ ሄደን ነገርን። ይህን ማንም እንዳይዘለው። ዲቴክተር ይዞ እርሻ ላይ የሚንጎራደድ ሰው ሲታይ መንደሩ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ጠገራ ብር ፈላጊ መጣ። ጋሼ ራሳቸው አብረውኝ ሄደው "የሚስቴ ቀለበት ነው" ብለው ባይናገሩ ሥራው አይጀመርም ነበር።

ታኅሣሥ መጨረሻ

እርሻው ላይ ማሽኑ መጮሁን አላቆመም። ኮይሉን ወደ ግራ ስወስደው ይጮሃል፤ ወደ ቀኝ ስመልሰው ይጮሃል። የጮኸበት ቦታ ይቆፈራል፣ ምንም የለም። አፈሩ ወደ ጎን ወጥቶ ሲፈተሽ ዝም ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮይሉ የሚያወጣው ማግኔቲክ ፊልድ በብረታ ብረት ውስጥ ትንሽ ከረንት ያሽከረክራል። ያ ከረንት የራሱን ፊልድ መልሶ ይልካል። ማሽኑ የሚያዳምጠው ይህንን ምላሽ ነው። ግን አፈሩም ይመልሳል። የአዲስ አበባ ዙሪያ መሬት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው፤ የረርም፣ ወጨጫም፣ ፉሪም የጥንት እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ድንጋያቸው ውስጥ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን አለ፤ ድንጋዩ ሲበሰብስ ማዕድኑ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ጥቁሩ ድንጋይማ ለብቻው እንደ ሳንቲም የሚጮህበት ጊዜ አለ።

ሙከራ አደረግሁ። የባለቤቴን ቀለበት ተዋስኩ፤ ውፍረቱ ከአክስቴ ቀለበት ጋር አንድ ነው። በአየር ላይ ከኮይሉ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይሰማል። ክር አስሬበት እርሻው ውስጥ 8 ሳንቲ ሜትር ስቀብረው ይሰማል፣ ማሽኑ የብረቱን ዓይነት ለመጠቆም የሚያሳየው ቁጥር ግን በእያንዳንዱ ዙር ይለያያል። 12 ሳንቲ ሜትር ላይ ከአፈሩ ጩኸት መለየት አልተቻለም። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ጥልቀት እዚህ አይሠራም።

እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር የምትቆጠርበት ምክንያት አለ። ከትንሽ ዕቃ የሚመለሰው ሲግናል ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ 64ኛ እጅ ይወርዳል። ከአጨዳ የቀረው የጤፍ ቃርሚያ ኮይሉን ከመሬት 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ያነሳዋል። ያቺ 6 ሳንቲ ሜትር ከምንም በላይ ውድ ናት። ስለዚህ ከሌላው ሥራ በፊት ቃርሚያውን ከሥሩ ማጨድ ያስፈልጋል። ለአንድ የቀን ሠራተኛ 400 ብር ከፍለን ጨረስነው። ከብቶቹም የድርሻቸውን ግጠዋል።

ሌላው ጩኸት የመጣው ከላይ ነው። በእርሻው ጥግ የመንደሩ የመብራት መስመር ያልፋል። ወደዚያ ጥግ ስጠጋ ማሽኑ ሳላንቀሳቅሰው ይንተባተባል። አንድ ከሰዓት መብራት ጠፋና ማሽኑ ወዲያው ዝም አለ። ሲመለስ ጩኸቱም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ቤት ውስጥ አምፖሉ ሲጠፋ "ጠፍቷል፣ ወደ ጥጉ ሂድ!" ብለው ይጠሩኝ ጀመር። መብራት ባለበት ሰዓት ግን ሴንሲቲቪቲውን (የመስማት ኃይሉን) ከግማሽ በታች ማውረድ የግድ ነው። ስልክንም ከኪስ አውጥቶ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይረዳል።

ጥር፣ ውቂያ

የዚያን ቀን ነዶ ለብቻው ተወቃ። አውድማው በእበት የተለቀለቀ ስለሆነ ንጹሕ ነው። እዚያ ላይ ማሽኑን ሳስኬድ እንደ አዲስ ዕቃ ሆነ። ጭዱን በቀጭን በቀጭኑ እየበተንን በላዩ አሳለፍኩት። ጭድ ውስጥ ማዕድን የለም፤ ማሽኑ ጸጥ ብሎ ይሠራል። የሙከራውን ቀለበት ከጭዱ ሥር በ18 ሳንቲ ሜትር ሳስቀምጠው በግልጽ ይሰማል። ማሽኑ ደህና ነው ማለት ነው። የሚያስቸግረው መሬቱ ነው።

ከጭዱ የወጡት የፀጉር ጌጥ፣ የተሰበረ የማጭድ ጫፍና ከሸራው የወደቀ የብረት ቀለበት ናቸው። የብረት ቀለበቱ ሲጮህ አክስቴ ከቤት ሮጣ መጣች። መጥታ ስታየው ምንም አላለችም፤ ተመልሳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ዕቃው በእጄ ገብቶ እስካየው ድረስ ማንንም አልጠራም።

ጤፉ ደግሞ በወንፊት አለፈ። የለም።

አንድ የቀረ ነገር ነበር። ከክምሩ ጫፍ ትንሽ ነዶ ቀደም ብሎ ተወቅቶ ጭዱ ለጎተራው ቤት ጭቃ ገብቷል። ግድግዳው ተለስኖ ደርቋል። ማሽኑን በግድግዳው ላይ አስኬድኩት። ችግሩ ቆርቆሮው ነው፤ ጣራው ቅርብ ሲሆን ሁሉም ነገር ይረበሻል። በ1881 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የቆሰሉትን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ጥይት በዚህ ዓይነት መሣሪያ ሊፈልግ ሞክሮ የአልጋው የብረት ስፕሪንግ እንቅፋት ሆኖበታል። ፊዚክሱ ዛሬም ያው ነው። የታችኛውን ግማሽ ግድግዳ ብቻ በደንብ መፈተሽ ቻልኩ። ያገኘሁት ሚስማር ነው፣ ብዙ ሚስማር።

ስለዚህ ክምሩን በሙሉ ልብ ሰርዣለሁ። ግድግዳውን ከላይኛው ክፍል በቀር ሰርዣለሁ። ቀለበቱ መሬቱ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥር መጨረሻ፣ ቢሾፍቱ

ማሽኑን ለመመለስ ስሄድ ጓደኛዬ እንዴት እንደሚሠራበት አሳየኝ። ሐይቅ ዳር ሥራው ይቀላል ብዬ ነበር። እሱ ግን በየቀኑ የሚታገለው ሌላ ነገር አለ፦ ቆርኪ። የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ከብረት የተሠራ ሆኖ ማሽኑ ላይ እንደ ጥሩ ሳንቲም ይታያል። አሸዋውም ጥቁር ነው፤ የቢሾፍቱ ሐይቆች ራሳቸው የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው።

ጨው ያለበት የባሕር ዳርቻ ሌላ ጣጣ እንዳለው ነገረኝ። የረጠበ ጨዋማ አሸዋ ራሱ ከረንት ያስተላልፋል፤ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ማሽን እዚያ መረጋጋት ያቅተዋል። ለዚያ ብዙ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙ ማሽኖች አሉ። ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባሉትም አሉ፤ እነሱ ማዕድን ያለበትን አፈርም ይችሉታል። ግን ሚስማርን ከወርቅ በመለየት ደካማ ናቸው። በየሜትሩ ሚስማር ባለበት መንደር ዳር ያ ማለት ሁሉንም መቆፈር ነው።

ከእሱ የወሰድኩት ትልቁ ትምህርት ስለ ዲስክሪሚኔሽን ነው፤ የማይፈለገውን ብረት ማሽኑ እንዳይጮህበት መዝጋት ማለት ነው። እኔ ቆሻሻ እንዳልሰማ ዝቅተኛውን ቁጥር ሁሉ ዘግቼ ነበር። የቀለበቱን ቁጥር ስናየው ከሲጋራ ወረቀት ብልጭልጭ ጋር አንድ ቦታ ነው የሚያርፈው። ቀጭን ወርቅና ቀጭን አሉሚኒየም ለማሽኑ አንድ ናቸው። ብልጭልጩን የዘጋ ሰው ቀለበቱንም ዘግቷል። ታኅሣሥ ላይ ያስኬድኩት መሬት እንደገና መታየት አለበት።

የካቲት

ሻኪሶ ወርቅ ቁፋሮ ላይ የነበረ ሰው ሌላ ማሽን አከራየኝ። ለቅዳሜና እሑድ 3,000 ብር። 18 ኪሎኸርዝ ነው። ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ለትንሽ ወርቅ የተሻለ ይሰማል። ከሁሉም በላይ ግራውንድ ባላንሱ በእጅ ይስተካከላል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ንጹሕ ቦታ ተመርጦ ኮይሉ ከመሬት 5 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር መሀል ወደ ላይና ወደ ታች ይደረጋል። ድምፁ ከፍም ዝቅም ሳይል አንድ እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል። እዚህ እርሻ ላይ አንዴ ተስተካክሎ አያበቃም። ከጥቁሩ አፈር ወደ ቀላ ያለው ጠርዝ ስገባ ባላንሱ ይሄዳል። በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ደግሜ አስተካክላለሁ።

ኮይሉንም ቀየርኩ፤ ትንሹን፣ 13 ሳንቲ ሜትሩን አሰርኩ። ትልቅ ኮይል ብዙ አፈር በአንድ ጊዜ ያያል፤ የአፈሩም ጩኸት አብሮ ይጨምራል። ትንሹ በጥልቀት ይጎድላል፣ ግን ሁለት ሚስማር መሀል ያለን ነገር ይለያል። በዚህ መሬት የሚሻለው እሱ ነው። የሙከራው ቀለበት በደረቅ ጥቁር አፈር 13 ሳንቲ ሜትር ላይ ተደጋጋሚ ድምፅ ሰጠ። ከበፊቱ ብዙም አይበልጥም፤ የአሁኑ ግን የሚታመን ነው።

መሬቱን በሲባጎና በችካል በአንድ አንድ ሜትር ስፋት ከፋፈልነው። ችካሉ የእንጨት መሆን አለበት። 20 መስመር ሆነ፣ እያንዳንዱ 30 ሜትር። ኮይሉ በየዙሩ የቀደመውን ግማሽ መደረብ አለበት። ይህ በጣም ቀርፋፋ ሥራ ነው። አንድ መስመር በደንብ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ቁፋሮው ሲጨመር ሁለትም ይሆናል። ብረት ያለበት ጫማ አይሆንም፤ የፕላስቲክ ቦቲ ነው የማደርገው።

ፒንፖይንተር፣ ጉድጓድ ውስጥ ዕቃው ያለበትን ነጥብ የሚያሳይ ትንሽ የእጅ ዲቴክተር፣ በ4,500 ብር ገዛሁ። ውድ ነው፣ ያለሱ ግን ጓል አፈር መሀል የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ብልጭልጭ መፈለግ ሰዓት ይበላል። ከዚህ ሁሉ ወጪ ውስጥ ደግሜ ብገዛው የማይቆጨኝ እሱ ነው።

መጋቢት

ከመሬቱ የሚወጣው ዓይነቱ ብዙ ነው። ሚስማር፣ የቆርቆሮ ሚስማር ከነቆቡ፣ የሽቦ ቁራጭ፣ የማረሻ ስብርባሪ። አንድ ሙሉ ወገል ወጣ፤ ጋሼ አጥበው መልሰው ሞፈሩ አጠገብ አስቀመጡት። የበሰበሰ ባትሪ ድንጋይ በጣም ብዙ ነው። የሬዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ የሚጣለው ጓሮ ነው። የጓሮው ጥራጊ ከፍግ ጋር እርሻው ላይ ይበተናል። የኪኒን ማሸጊያ፣ የማስቲካ ወረቀት፣ የሲጋራ ብልጭልጭ ሁሉ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ወደ ቤት በቀረበው መስመር ላይ ቆሻሻው ይበዛል፤ ራቅ ሲል ይቀንሳል። ፍግ የተበተነበትን መሬት የሚፈትሽ ሰው ይህን ቀድሞ ይወቅ።

ትልልቅ ዝገት ብረቶች ያታልላሉ። ጠፍጣፋ የዛገ ቆርቆሮ አንዳንዴ በዝቅተኛው ቁጥር ፋንታ በብር ማዕድን ቁጥር ይጮሃል። መለያው ኮይሉን ከፍ ማድረግ ነው፤ ትልቅ ነገር ከ30 ሳንቲ ሜትርም በላይ ሆኖ ይጮሃል፣ ቀለበት አይጮህም። ሌላው መለያ በመስቀል መፈተሽ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ሄጄ የሰማሁት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብም ከተሰማ እቆፍራለሁ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ድንጋይ ነው።

ሳንቲሞችም ወጥተዋል። የ1969 ዓ.ም. ባለ አንበሳዎቹ ቢጫ አሥር ሳንቲሞች አሉ። አንድ የጃንሆይ ድንቡሎ፣ 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት ያለበት የመዳብ አምስት ሳንቲም፣ መስመር 6 ላይ ወጣች። ልጆቹ ተሰብስበው አዩዋት። ሁለት ቀለህም ተገኘ። ያልተተኮሰ ጥይት ወይም ሌላ ፈንጂ የሚመስል ነገር ከታየ ማሽኑን አስቀምጦ ለፖሊስ መንገር ብቻ ነው፤ በዶማ መነካት የለበትም።

አንድ ጎረቤት ገበሬ ከአጥሩ ማዶ "ማርትሬዛ ካገኘህ ለኛም አስበን" አለኝ። የምር ነው የጠየቀኝ። እኔም የምር መለስኩለት። ማርትሬዛ የሚባለው ጠገራ ብር አብዛኛው 1780 የሚል ዓመት ነው ያለበት፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ያው ዓመት እየተጻፈበት ተመትቷል፣ ክብደቱም 28 ግራም ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ብር ከቀለበት ይልቅ በቀላሉ ይገኝ ነበር። ግን ቅርስ የሚሆን ነገር ከተገኘ የሚመለከተው አካል ማወቅ አለበት። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለማግኘት መቆፈር ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ የድሮ የጦር ቦታ፣ የመቃብር አካባቢ በዚህ ማሽን አልገባም። ሰው ሲጋብዘኝም እምቢ ብያለሁ።

ሚያዝያ፣ የበልግ ዝናብ

ዝናብ ጣለ። የረጠበ ጥቁር አፈር ከረንት የማስተላለፍ አቅሙ ይጨምራል፤ ግራውንድ ባላንሱም እንደገና ከዜሮ ተጀመረ። የሙከራው ቀለበት ከ13 ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ወረደ። ጭቃው ኮይሉ ሥር ይጣበቃል፤ በወፍራም ፌስታል ሸፍኜ በፕላስተር አሰርኩት። ቦቲው ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ጭቃ ተሸክሞ ይከብዳል። ሁለት ቀን ፀሐይ እስኪያገኝ መጠበቅ ይሻላል።

ግን ከዝናቡ በፊት ያየሁት ነገር የበለጠ አሳስቦኛል። ዋልካው ደርቆ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። በሽቦ ስለካ ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ የወረደ አለ። በታኅሣሥ ስንጥቁ መከፈት በጀመረበት ሰሞን የወደቀ ቀለበት ከላይ ላይቆይ ይችላል። ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ደግሞ በጠርዙ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ቀለበት ተጋድሞ ሲተኛ ኮይሉ በደንብ ያየዋል፤ ሲቆም ምላሹ ይቀንሳል፣ ድምፁም ለሁለት ይከፈላል። በሙከራው ቀለበት አየሁት። ተጋድሞ በ13 የሚሰማው ቆሞ በ9 ብቻ ተሰማ። ከዚህ በኋላ ለሁለት የተከፈለ ደካማ ድምፅ ስሰማ አላልፍም።

መስመር 11 እና 12 ላይ ዋና ዋናዎቹን ስንጥቆች በዶማ አሰፋን፤ ፒንፖይንተሩን ወደ ውስጥ እያስገባሁ ፈተሽኩ። ቀርፋፋ ነው፣ ውጤቱ ግን የሚታመን ነው። አንድ የስቴፕለር ሽቦና አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ወጣ።

ግንቦት

ጋሼ ማረስ አለባቸው። ጤፍ ሐምሌ ላይ ይዘራል፤ መሬቱ ከዚያ በፊት ደጋግሞ መታረስ አለበት። መጀመሪያ ይህ ሥራውን የሚያበላሽ መሰለኝ። ተነጋገርንበት።

"ማረሻ እኮ የተቀበረን ያወጣል" አሉኝ። "ዶማ ጠፍቶብኝ በሦስተኛው ዓመት ያገኘሁት ሳርስ ነው።"

እውነት አላቸው። የበሬ ማረሻ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ያለውን አፈር ይፈነቅላል። ማሽኔ በደንብ የሚያየውም ያንኑ ያህል ነው። በእያንዳንዱ ዙር ከታች ያለው ወደ ላይ ሊመጣ ይችላል፤ የቆመውም ሊጋደም ይችላል። ጉዳቱ ጓሉ ነው። ኮይሉ በጓል ላይ ሲዘል ጥልቀት ይጠፋል፤ ክፍተቱም የውሸት ድምፅ ይፈጥራል። ስለዚህ ከእርሻው በኋላ ጓሉ በዶማ ጀርባ መሰበር አለበት። ለሁለት ሰው የሁለት ቀን ክፍያ 1,600 ብር ያስፈልጋል።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ጋሼ የሚያርሱት በሲባጎው አቅጣጫ ይሆናል፤ ማረሻው ቀለበቱን ጎትቶ ቢወስደው እንኳ በዚያው መስመር ላይ ይቀራል። ችካሎቹ ዳር ላይ ብቻ ይቆማሉ። በመጀመሪያው እርሻ ልጆቹ ፈሩን እየተከተሉ በዓይን ይፈልጋሉ። መጀመሪያ ላየው 500 ብር እሰጣለሁ ብያለሁ። አክስቴ "እኔ ራሴ ነኝ የምከተለው" ብላለች።

እስካሁን ያለቀው መስመር 1 እስከ 12 ነው። 3 እና 4 የመብራት መስመሩ ሥር ስለሆኑ ይደገማሉ። 13 እስከ 20 ይቀራሉ። አክስቴ በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነዶ ያሰረችው 15 እና 16 አካባቢ እንደነበር አሁን አስታውሳለች፤ የበላችበት ዛፍ ምልክት ሆናት። የሚቀጥለው ሥራ ከእነዚያ ሁለት መስመሮች ይጀምራል፤ ከሁለተኛው እርሻ በኋላ፣ ዝናብ ባልጣለበት ሳምንት። ማሽኑን ለዚያ ሳምንት ይዣለሁ፤ ቀብዱን ከፍያለሁ።